ሠላሳ አራት ደረጃ

ከእኔ በር እስከ አዬዮ በር ሠላሳ አራት ደረጃ ነው፤ ሁለት ፎቅ፣ በየፎቁ አሥራ ሰባት። የቆጠርኩት ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በፊትማ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ስወርደው ቁጥሩን ልብ ብዬው አላውቅም።

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ አበሻ ጎረቤት የሚቀያይረው ቤት እየለወጠ አይደለም። ጎረቤቱ የውጭ ጉዞ ፕሮሰሱ አልቆለት ሻንጣውን አስሮ ይሄዳል፤ የሚሄድ ሰው ደግሞ ዕቃውን ያከፋፍላል። ለአንዱ ፍራሽ፣ ለአንዱ ረከቦት፣ ለአንዱ የጋዝ ሲሊንደር። ከግድግዳዬ ማዶ ትኖር የነበረችው ልጅ የሚኒሶታ በረራዋ ሲቆረጥ ለእኔ የደረሰኝ ሁለት ባጂ ነው፤ አረንጓዴ ወንድና ቢጫ ሴት፣ ከነጎጆ ሳጥናቸው። ባጂ ማለት ያቺ ከድንቢጥ ብዙም የማትበልጥ፣ ጭራዋ ረዘም ያለ፣ ብዙ ሰው «ላቭ በርድ» እያለ የሚሳሳትባት ትንሽ በቀቀን ናት። አገሯ አውስትራሊያ ነው። እዚያ ዝናብ የጣለበትን እየተከተለች በመንጋ ትሰደዳለች። ጆን ጉልድ የተባለ የወፍ አጥኚ በ1840 ከነሕይወቷ ወደ እንግሊዝ ከወሰዳት ወዲህ ዓለም ላይ ተበተነች። ኢስትሊ ለመግባት የሚጎድላት ታሪክ የለም።

«አደራ ጋሼ» አለችኝ ልጅቷ፣ ታክሲው ውጭ እየጠበቃት። «ሴቷ ገና ዓመት አልሞላትም፤ መታቀፍ የመጀመሪያዋ ነው። አምስት እንቁላል አላት። ፈልፍላ ካላጎረሰቻቸው ዛሬ ነገ ሳትል ለአዬዮ አውርድላቸው። እሳቸው ጋ የሚያሳድጉ ወፎች አሉ።»

አደራዋን አልረሳሁትም። ብረሳው ኖሮ ይህን ያህል ባላንገበገበኝ።

እሷ በሄደች በአራተኛው ቀን ከአዬዮ ጋር ተጣላን። አዬዮ የሕንጻው ሁሉ አያት ናቸው፤ ቃሉም በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። የተጣላነው በውኃ ነው። ውኃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ምድር ቤት ያለችው ቧንቧ ፊት ጀሪካን ይሰለፋል። የእሳቸውን ገፋ አድርጌ የእኔን አስቀደምኩ። ሥራ ረፍዶብኝ ነው አልኩ፤ አልረፈደብኝም። «አንተ ልጅ፣ እናት አላሳደገችህም?» አሉኝ በሰው ፊት። ከዚያ ወዲያ ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ስልክ የማናግር መምሰል ጀመርኩ። ኩርፊያው ይኸው ነው፤ ሃያ ሊትር ውኃ።

ባጂ እንቁላሏን ባንድ ቀን አትጥልም፤ ቀን እየዘለለች ነው። እያንዳንዱ ወደ አሥራ ስምንት ቀን ታቅፎ በተራው ይፈለፈላል። ስለዚህ ጫጩቶቹ እንደ ዶሮ ጫጩት ባንዴ ግር ብለው አይወጡም፤ ቀን እየዘለሉ፣ አንድ አንድ እያሉ ነው የሚመጡት። ይህንን ልብ በሉልኝ። የእኔ ዕዳ የሚቆጠረው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ሐሙስ ጠዋት ወጣ። ራቁቱን፣ ዓይኑ ያልተገለጠ፣ ሁለት ግራም ገደማ፤ የሻይ ማንኪያ ግማሽ ስኳር በሉት። የባጂ ጫጩት መጥገቡ የሚታወቀው አንገቱ ሥር ነው። እዚያ የምግብ ከረጢት አለችው፤ ቆዳው ስስ ስለሆነ የጎረሰው ሁሉ ነጭ ሆኖ ከውጭ ይታያል። ዓርብ ጠዋት ሳየው አንገቱ ሥር ልጥፍ ብሏል። ባጂዎች ጉርሻ ያውቃሉ፤ ወንዱ ሴቷን ያጎርሳታል፣ እሷ ደግሞ ከውስጧ አውጥታ ልጆቿን ታጎርሳለች። የእኔዋ የባሏን ጉርሻ እየተቀበለች ቁጭ ብላለች። ታቅፈዋለች፣ ታሞቀዋለች፣ ምግብ ግን የለም። ልጅነቷ አለ። እኔም አለሁበት፤ ሳጥኑን በየሰዓቱ እየከፈትኩ እመለከት ነበር፣ ያስቀመጥኩትም የማታቱ ሚኒባስ ክላክስ ቀኑን ሙሉ የሚጮህበት መስኮት ሥር ነው።

ዓርብ ዕለት ማድረግ ያለብኝን አውቄያለሁ። ደረጃው ድረስ ወጣሁ። የአዬዮ ወፎች ሲንጫጩ ከታች ይሰማል። «ያን ሁሉ ሰድበውኝ እኔ ልለምናቸው?» አልኩ። ተመልሼ ገባሁ።

ከሱቅ ወተት ገዛሁ፣ ከፋርማሲ ስሪንጅ። እናቲቱ የመጀመሪያ ሰሞን የምታጎርሳቸውን ፈሳሽ ሰዎች «የወፍ ወተት» ሲሉ ሰምቼ ነበር። ስሙ ወተት ይሁን እንጂ ከላም ወተት ጋር ዝምድና የለውም፤ ወፍ የወተትን ስኳር አይፈጭም። ቅዳሜ ማታ ጫጩቱ ሞተ።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ሁለተኛው ተፈልፍሎ ነበር። ተፈጥሮ ሌላ ዕድል በእጄ አስቀመጠች ማለት ነው። እኔ ምን አደረግሁ? ወተቱን ትቼ የዳጉሳ አጥሚት አቀጠንኩ፤ ጫጩቱን ከእናቱ ሥር አውጥቼ ካርቶን ውስጥ አምፖል ሰቀልኩለት። ላባ ያላወጣ ጫጩት የራሱ ሙቀት የለውም፤ ሠላሳ አምስት፣ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ይፈልጋል። ናይሮቢ ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የሐምሌን ሌሊት የኖረባት ያውቀዋል። እሑድ ሌሊት በቅድሚያ የሚሞላው የመብራት ቶከን አለቀ። እኔ ተኝቼ ነበር። አሥር ሰዓት ላይ ስነቃ ቤቱ ጨለማ ነው፣ ካርቶኑ ቀዝቅዟል። የሚሞላ ገንዘብ ስልኬ ላይ ነበረኝ፤ ማታውኑ ቀሪውን አይቼ «ጠዋት እሞላለሁ» ብያለሁ።

ሦስተኛው ሰኞ መጣ። በእልህ ተነሳሁ። ሥራ ቀረሁ። ምግቡን ከሠላሳ ስምንት እስከ አርባ ዲግሪ ለካሁት፤ ከዚያ በላይ ከረጢቱን ያቃጥላል፣ ከዚያ በታች ደግሞ አልፈጭ ብሎ ይረጋል። ሌት ተቀን በየሁለት ሰዓቱ አጎረስኩት። አንገቱ ሥር ነጭ ሆኖ ሲሞላ ሳይ፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ደስታዬ ለጫጩቱ አልነበረም። «ያለ እሳቸው ቻልኩት» ነው ያልኩት። ማክሰኞ ማታ ስሪንጁን ትንሽ ፈጠን አድርጌ ገፋሁት፤ ምግቡ ወደ አየር መተላለፊያው ገባ። በአፍንጫው አረፋ ወጣ። መዳፌ ላይ ነው የሞተው።

በነዚያ ሌሊቶች ስንት ቪዲዮ አየሁ መሰላችሁ። ሁሉም የሚጀምሩት ባንድ ነገር ነው፤ ወላጆቹ ከተዉአቸው በእጅ ከማሳደግ በፊት እኩያ ጫጩት ያላት ሌላ ባጂ ፈልጉ ይላሉ። ባጂ የሌላዋን ልጅ ከራሷ አትለይም፤ ሳጥኗ ውስጥ አፉን የከፈተ ሁሉ ልጇ ነው። እኔ ያቺን መግቢያ በጣቴ እየገፋሁ አልፋት ነበር፤ ስለማውቃት።

አራተኛው ረቡዕ ወጣ። አምስተኛው እንቁላል ባዶ ነበር፤ ከዚህ ሌላ የሚመጣ የለም። ጫጩቱን በንጹሕ ካልሲ ጠቅልዬ፣ በጃኬቴ ውስጥ ደረቴ ላይ ይዤ ወረድኩ። ጉዞው አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

አዬዮ በሩን ከፍተው ካልሲውን አዩት። እኔን አላዩኝም።

«ስንተኛው ነው?»

«አራተኛው።»

ምንም አላሉም። ወደ ጓሮው በረንዳ መሩኝ። ሁለት ጎጆ ሳጥን ጎን ለጎን ተሰቅሏል። አንደኛውን ከፈቱ፤ ሦስት ጫጩቶች እንደ ቁልል ተደጋግፈው ተኝተዋል፣ ትንሹ የሦስት ቀን ነው። የእኔን ከመሐላቸው አስገቡትና ክዳኑን መለሱ። ሻይ አቀረቡልኝ፤ አልጠጣሁትም። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ሳጥኑን ከፍተው ጠሩኝ። አንገቱ ሥር ነጭ ሆኖ ተነፍቷል። እኔ አምስት ቀን ሙሉ ስሪንጅና ቴርሞሜትር ይዤ ያልሆነልኝን ያቺ ወፍ እንደ ዘበት አድርጋዋለች።

«ሁለቱ እዚህ፣ ሁለቱ እዚያ ይገቡ ነበር» አሉ አዬዮ። ለእኔ ሳይሆን ለሳጥኑ የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት! እናቴን ደግመው ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር። በሩ ላይ ስደርስ ግን «ነገ ውኃ አለ» አሉኝ፤ «ጀሪካንህን ከእኔ አጠገብ አስቀምጥ።»

ጫጩቱ አደገ። በአምስተኛው ሳምንት ከሳጥኑ ወጣ፤ እንደ አባቱ አረንጓዴ ነው። ጠዋት ጠዋት ሲንጫጫ ድምፁ በደረጃው ክፍተት እስከ እኔ በር ይደርሳል። ከሌሎቹ ለይቼ አውቀዋለሁ ብል ውሸት ነው፤ ግን በሰማሁ ቁጥር የምቆጥረው የጎደሉትን ነው።

ባለፈው እሑድ ልጅቷ ከሚኒሶታ ጻፈችልኝ። በረዶ እንደወረደ፣ ሥራ እንደጀመረች፣ ኢስትሊ እንደናፈቃት። ከዚያ «ጋሼ፣ ስንት ተፈለፈሉ?» አለችኝ።

አዬዮ ቤት ወርጄ የአረንጓዴውን ፎቶ አነሳሁና ላክሁላት። ከሥሩ «አራት» ብዬ ጻፍኩ፤ ሳልልከው አጠፋሁት። «አንድ» አልኳት።