ፍሬን በቅናሽ

ሶማሌ ተራ ስትገቡ የሚቀበላችሁ ጥያቄ አንድ ነው። «ምን ነበር አለቃ? ኮሮላ ነው ቪትዝ?» ገና ከታክሲ ሳትወርዱ ከግራም ከቀኝም ይጠይቋችኋል። መርካቶ መቼም በተራ በተራ የተከፋፈለች ናት። ሸማ ፈላጊ ሸማ ተራ፣ ውራጅ ብረት ፈላጊ ምናለሽ ተራ ይሄዳል። መኪናው የታመመችበት ሰው ደግሞ እዚህ ይመጣል። የከተማው ሰው «ማታ የተነቀለብህን ስፖኪዮ ጠዋት ሶማሌ ተራ ሄደህ ግዛው» እያለ የሚቀልድበት ሰፈር ነው። ቀልድ ብቻ ነው ብለን ለመማል ግን አንደፍርም!

እኛም ባለፈው ቅዳሜ በሽተኛችንን ይዘን ሄድን። በሽተኛዋ ባለሁለት በር ሴሊካ ናት። ባለቤቷ ከአራታችን አንዱ ነው፤ ግን ሁላችንም «መኪናችን» እንላታለን። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ስትነዳ የሱ ናት፣ ስትገፋ የኛ። ሰሞኑን ፍሬን ሲረገጥ መሪዋ እንደ ወባ በሽተኛ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መካኒኩ ጎማውን ፈቶ አየና «የፊት ዲስኮቹ አልቀዋል፣ ጥንድ አዲስ ገዝታችሁ ኑ» አለን።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዲስክ ክብ ብረት ነው፤ ከጎማው ጋር ይሽከረከራል፤ ፍሬን ስትረግጡ ሁለት ሸራዎች ከግራና ከቀኝ ጨምቀው ይይዙታል። አለቀ። ጓደኛችን ግን ሌሊት ሌሊት ዩቲዩብ ላይ የመኪና ውድድር ሲያይ የሚያድር ሰው ነው። የተበሳሳ፣ መስመር መስመር የተጫረበት፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባ ዲስክ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። «አንድ ቀን ውድድር አስገባታለሁ» ይላል። ይህን ሲል ስድስት ዓመት ሆነው።

ባለሱቁ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። «ጋሼ» እያልን ነው ያወራናቸው። ባንኮኒው ላይ አራት ዓይነት ደረደሩልን። አንደኛው ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ኦሪጅናል። ሁለተኛው ስም የለሽ አዲስ፣ ዋጋው ደስ የሚል። ሦስተኛው በካርቶን የታሸገ፣ ምንም ጌጥ የሌለው አዲስ። አራተኛው ጓደኛችን ሌሊት የሚያልመው፣ ቀዳዳው እንደ ወንፊት፣ ቀለሙ እንደ ጥርስ ወርቅ። ጓደኛችን አራተኛውን እንደ አራስ ልጅ አቀፈው።

ጋሼ ዝም ብለው አዩትና «ለመሆኑ ልጆቼ፣ ወዴት ልትወርዱበት ነው?» አሉን።

አስተዋላችሁ? «ወዴት ልትሄዱበት» አላሉም። እርስ በርሳችን ተያየን። የአራታችንም ልብ አንድ ቦታ ሄደ።

*

በ2010 ዓ.ም. ነው። የጓደኛችንን ሠርግ ልንበላ ወደ ደብረ ማርቆስ እየሄድን ነበር። አራት ሰው፣ አራት ሻንጣ፣ ለሙሽሮቹ የተገዛ ወፍራም ብርድ ልብስ። ጎሃ ጽዮን ላይ ቡና ጠጣንና የዓባይን በረሃ መውረድ ጀመርን። አዲስ አበባ ተወልዶ ላደገ ሰው ያ መንገድ ትምህርት ቤት ነው። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ይታጠፋል፣ ያለቀ ሲመስል እንደገና ይወርዳል።

ሙዚቃው ተከፍቷል። ማርሹ አራተኛ ላይ ነው። ጓደኛችን ይረግጣል፣ ይለቃል፣ እንደገና ይረግጣል። መጀመሪያ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ። «የፊተኛው መኪና ነው» ተባባልን። ቀጥሎ ፔዳሉ ለሰለሰ። ከዚያ ወለል ነካ።

ሙዚቃውን ማን እንደዘጋው እስከ ዛሬ አናውቅም።

ጓደኛችን ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሰው። ሞተሩ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያለ እየሳበ፣ በተራራው በኩል ካለው ቦይ አስጠግቶ አቆማት። ማዶው ገደል ነው። ስንወርድ ጉልበታችን አልያዘንም። ከፊት ቸርኬዎቹ ጭስ ይወጣል። አንዳችን የሃይላንድ ውሃውን ይዞ ሊደፋበት ሮጠ።

«ተው! ብረቱን ልታፈነዳው ነው?»

ከኋላችን አንድ አይሱዙ ቆሟል። ያ የከተማው ሰው «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል ያወጣለት የጭነት መኪና። ሹፌሩ ወርዶ መጣ፣ ጭሱን አየ፣ ጓደኛችንን አየ። «አንተ ልጅ፣ በምትወጣበት ማርሽ ነው የሚወረደው። ፍሬን ማቆሚያ ነው እንጂ መውረጃ አይደለም» አለው። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከተደፋ እንደሚሰነጠቅም ነገረን። አንድ ሰዓት ቁጭ ብለን ቀዝቅዞ ፔዳሉ ሲመለስ፣ በአንደኛ ማርሽ እንደ ኤሊ እየተጎተትን ወረድን። ሠርጉ ላይ ደረስን። ለምን እንደዘገየን ስንጠየቅ «መንገዱ» ብለን አለፍነው።

*

ከዚያ ወዲህ ነገሩን በእርሳስና በወረቀት አሰላነው። ፍሬን ማለት በአጭሩ ምድጃ ነው፤ የመኪናን ሩጫ ወደ ሙቀት ይለውጣል። እኛና ሻንጣዎቻችን ተደምረን መኪናዋ ወደ 1,400 ኪሎ ትመዝን ነበር እንበል። ያን ክብደት 1,300 ሜትር ቁልቁል በፍሬን ብቻ ማውረድ፣ ሞተሩና ነፋሱ የሚያግዙትን ከተውነው፣ ወደ 60 ሊትር የቧንቧ ውሃ ከማፍላት እኩል ሙቀት ያወጣል። ሦስት ቢጫ ጀሪካን! ፍሬን ሲረገጥ የመኪናው ክብደት ወደ ፊት ስለሚደፋ፣ የዚህን ሙቀት አብዛኛውን የሚሸከሙት ሁለቱ የፊት ዲስኮች ናቸው።

የኛን ፔዳል ወለል ያስነካው ግን ዘይቱ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይመጣል። ዶት 3 የሚባለው ሲታሸግ ከ205 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 በ230 ይጀምርና ወደ 155 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ ቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት ሲጫኑት አይጨመቅም፤ እንፋሎት ይጨመቃል። እግራችሁ ዲስኩን መያዙ ቀርቶ እንፋሎት ሲጨምቅ ይውላል። የኛ ዘይት መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ቦሎ ግን በየዓመቱ ታልፍ ነበር! የምርመራ ጣቢያ ፍሬን የሚለካው በቀዝቃዛው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ቦሎ ማለፍ ሌላ፣ ዓባይን መውረድ ሌላ።

እንግዲህ ወደ ቀዳዳው እንምጣ። ቀዳዳ ያላቸው ዲስኮች ያለ ምክንያት አልመጡም። የድሮ ሸራዎች ሲግሉ ጋዝ ያወጡ ነበር፤ ያ ጋዝ በሸራውና በዲስኩ መካከል እየገባ መያዙን ያዳክም ስለነበር መውጫ እንዲያገኝ ዲስኩ ተበሳ። የዛሬ ሸራዎች ያን ያህል ጋዝ አያወጡም። ቀዳዳው በዝናብ ጊዜ ውሃ ቶሎ ለማስወጣት ይረዳል፤ ዓይንም ይስባል። ፖርሽን የመሰሉ ፋብሪካዎች እስከ ዛሬ እየበሱ የሚያወጡት ያለ ነገር አይደለም። ነገር ግን እያንዳንዱ ቀዳዳ ከዲስኩ ላይ የተቀነሰ ብረት ነው። ብረት ሲቀንስ ሙቀት የሚከማችበት ቦታ ይቀንሳል። ሲግልና ሲቀዘቅዝ ስንጥቁ የሚጀምረውም ከቀዳዳው ጠርዝ ነው። ስለዚህ በብረት ዲስክ የሚወዳደሩ ብዙዎች የሚመርጡት ያልተበሳውን ወይም መስመር ብቻ የተጫረበትን ነው። መስመሩ የሸራውን ፊት እየጠረገ ያጸዳል፤ ዋጋው ሸራውን ቶሎ መጨረሱና ትንሽ መጮሁ ነው።

የሙቀቱ ዋና መውጫ ከፊት አይታይም። የፊት ዲስክ ሁለት ሳህን ነው፤ በመካከላቸው ግድግዳ ግድግዳ አለ። ሲሽከረከር አየር ከመሃል እየሳበ በጠርዙ ይተፋል። ጋሼ ካርቶኑ ውስጥ የነበረውን ተራ ዲስክ በጎኑ አቁመው በዚያ ክፍተት አሳዩን። ከዚያ ወርቃማውን በጎኑ አቆሙት። ክፍተቱ ግማሹ በቀለም ተደፍኗል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያደርጓቸው ደግሞ የተጫሩት መስመሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ያዘነብላሉ። መኪናዋ ላይ ሲገቡ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ያያል ማለት ነው። ሁለት የግራ እግር ጫማ!

«ይሄን የምሸጠው ለፎቶ ነው» አሉ ጋሼ። ሳቅን። ጓደኛችን አልሳቀም።

*

«ውድድር ላይስ?» አለ፤ የመጨረሻው ጥይቱ ነበረች። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነው። የከተማ ፍሬንና የውድድር ፍሬን አንድ አይደሉም። የከተማ ሸራ በቀዝቃዛው ይይዛል፣ ብዙ ሲግል ይከዳል። የውድድር ሸራ ሲግል ይይዛል፣ በቀዝቃዛው ይሰንፋል፣ ይጮሃል። የፎርሙላ ዋን ዲስክ ከካርቦን የተሠራ ነው፤ በመቶዎች ዲግሪ እስኪግል ድረስ በደንብ አይዝም። በሱ መርካቶን ልታቋርጡ ብትነሱ ገና ሳይሞቅ ሦስት ወዛደርና አንድ ጋሪ ትገጫላችሁ። ለውድድር የሚቀየረው በቅድሚያ ሸራውና ዘይቱ ነው። ደህና ተራ ዲስክ ሁለቱንም ቦታ ያገለግላል። እና ደግሞ የኛ አገር ሰው የውድድር ሜዳ ፍለጋ የት ይሄዳል? ዓባይ አለ፣ ጣርማ በር አለ፣ ግቤ አለ።

የቀረው ብር ነው። ይህን ሳናነሳ ብናልፍ ዋሽተናችኋል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። እንግዲህ ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ አሮጊት አያት መንከባከብ ነው፤ መድኃኒቷ ደግሞ በየሳምንቱ ይወደዳል። ኪስ ሲሳሳ ሰው መጀመሪያ የሚቀንሰው የማይታየውን ነው። ቴፑን አንቀንስም፣ ቸርኬውን አንቀንስም። የፍሬን ዘይትን ማን ያየዋል?

ያገለገለውን ኦሪጅናል አሰብንበት። ጋሼ ውፍረት መለኪያቸውን አወጡ። ዲስክ ላይ «ከዚህ በታች አትጠቀሙበት» የሚል የውፍረት ቁጥር ተቀርጿል፤ ስንቶቻችን አይተነዋል? ያገለገለው ከዚያ ቁጥር የሚበልጠው በግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከመኪናችን የወጣውን አሮጌ ደግሞ ለኩት፤ ከቁጥሩ በታች ወርዷል። ቶርኖ ቤት ወስደን ልናስፍቀው ያሰብነው እሱን ነበር። የሳሳውን ይብስ ልናሳሳው! ስም የለሹንስ? ምንም ቁጥር የለበትም።

ሒሳቡ ሲሠራ የወርቃማው ጥንድ ዋጋ፣ ተራውን አዲስ ጥንድ ከደህና ሸራና ከሁለት ጣሳ ዶት 4 ጋር ይገዛል። ጓደኛችን ወርቃማውን አላስቀመጠም። «መኪናዋ የኔ ናት» አለ በመጨረሻ። ይህን ቃል ተናግሮ አያውቅም ነበር። ትንሽ ዝም አልን። ከዚያ አንዳችን «ስትነዳ ያንተ ናት፣ ስትገፋ የኛ። ስትወርድስ?» አለው።

መልስ አልሰጠም። ግን ወርቃማውን ባንኮኒው ላይ መለሰው። እኛም ቃል ብቻ ይዘን አልቆምንም፤ ሦስታችን አዋጥተን ሸራውንና ዘይቱን ገዛን። ጋሼን ለወጉ ያህል «ትንሽ ይቀንሱልን እንጂ» አልናቸው። ትንሽ ቀነሱና «በሌላው ነገር ተከራከሩ፤ በዚህኛው ግን ሁልጊዜ አትከራከሩ» ብለው ሸኙን።

*

አዲስ ዲስክና አዲስ ሸራ እንደ አዲስ ተጋቢዎች ናቸው፤ መላመድ አለባቸው። እሑድ በማለዳ ቀለበት መንገድ ላይ ወጥተን፣ ፈጠን እያልን፣ ሳናቆም ለስለስ አድርገን እየረገጥን፣ መሃል ላይ እያስነፈስን አላመድናቸው። ከዚያ እንጦጦ ወጣን። ቡና ጠጣንና ወደ ሽሮ ሜዳ መውረድ ጀመርን።

ሁለተኛ ማርሽ ላይ ናት። ያስገባት ጓደኛችን ነው፤ ማንም አላዘዘውም። ከአንድ ጠመዝማዛ ስንወጣ አምስት ጭነት የያዙ አህዮችና አንዲት ሕፃን ልጅ መንገዱን እያቋረጡ አገኘን። ረገጠ። መሪው ሳይንቀጠቀጥ፣ ሽታ ሳይመጣ፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ቆመች። ልጅቷ ዞራ እንኳ አላየችንም። አህዮቿን እየነዳች አለፈች።

ሙዚቃው እንደተከፈተ ነበር።