ባሌን ቅዳሜና እሁድ ማስተርስ ወሰደብኝ

እናንተዬ፣ ጎረቤቶቼ ባሌ ጅማ ሌላ ቤት ያለው ይመስላቸዋል! የለውም። ሲቪል መሐንዲስ ነው፤ አርብ ከሥራ ሲወጣ ከቦንጋ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮንስትራክሽን ምህንድስናና ማኔጅመንት ማስተርሱን ይማራል። እሁድ ማታ ድክም ብሎ ይመለሳል።

«ድልድይ መሥራት ታውቅ የለ፣ ምን ቀረህ?» አልኩት።

«ሰውና ገንዘብ ማስተዳደር» አለኝ።

እውነቱን ነው። የካፋ ዝናብ አላባራ ሲል፣ ሲሚንቶ ሲዘገይ ሠራተኛው ምን ይሥራ? ውሉስ እንዴት ይራዘም?

እኔ 12ኛን ጨርሼ የቀረሁ ነኝ። ከቤት ወጪ ቀንሰን ክፍያውን ስንከፍል አንድ ቃል አስገባሁት፤ ሲመረቅ ተራው የኔ ነው፣ ልጁን እሱ ይይዛል።

እህቶቼ፣ ባላችሁ ልማር ሲል አትከልክሉት። ግን ክፍያው ከየት፣ ልጅ ከማን ጋር፣ የእናንተስ ተራ መቼ? ሳይመዘገብ በፊት ተነጋገሩ። ከተመዘገበ ወዲያ መነጫነጭ ለማንም አይበጅም።