እማዬ የማታጠፋው አምፖል

ሰው በአበባ የተነሳ ከእናቱ ጋር ይኳረፋል ቢሉኝ አላምንም ነበር። እኔ ግን ተኳርፌያለሁ። ጉዴን ስሙኝማ!

ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. በደላላ በኩል በባሕር ወደ አረብ አገር ሲሄድ፣ ለእማዬ በጣሳ የተተከለ ክሪሳንተመም ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጮች ገዝቶ ሰጣት። «ዘግይቶ ነው የሚያብበው አሉ፤ ሲያብብ እኔም ደህና ቦታ እሆናለሁ» አላት። ሁለት ጊዜ ደወለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

እማዬ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የበረንዳውን አምፖል አታጠፋም። «ልጄ በጨለማ ቢመጣ በሩ እንዳይጠፋው» ትላለች። ጣሳው ደግሞ ልክ አምፖሉ ሥር ነው። ዓመት አለፈ፣ ሁለተኛውም ተከተለ፤ ተክሉ ቅጠል ብቻ! እማዬ «ገዱ አላማረኝም» እያለች እንቅልፍ አጣች።

በ2016 ቆቃ አካባቢ አንድ የአበባ እርሻ ተቀጠርኩ። ግሪን ሃውሱ ውስጥ ክሪሳንተመም ረድፍ በረድፍ ሞልቷል፤ አንድም አበባ ግን የለም። ሌሊት መብራት ይበራበታል። አለቃችንን ለምን ብዬ ጠየቅኩት።

«ይሄ ተክል ረጅም ጨለማ ካላገኘ አያብብም። እኛ የምንልከው አበባውን ሳይሆን ለመትከያ የሚቆረጠውን ጫፉን ነው። እንዳያብብብን ሌሊቱን በመብራት እናቋርጥበታለን» አለኝ።

ክው አልኩ። የእኛ ቤት አምፖል!

እረፍት ወጥቼ ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ «እማዬ፣ አበባውን የከለከለው አምፖልሽ ነው፣ አጥፊው» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «በሩን ልዝጋበት ነው የምትይኝ?» ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። እውነትም ሲነገር አነጋገር እንዳለው ያኔ ገባኝ።

በሦስተኛው ቀን ቀዳዳ የሌለው ትልቅ ካርቶን አመጣሁ። ማታ 11 ሰዓት ጣሳው ላይ ደፋሁት፣ ጠዋት 1 ሰዓት አነሳሁት። አስራ አራት ሰዓት ድፍን ጨለማ! አምፖሉን አልነካሁም። እማዬ ዝም ብላ ታየኛለች። ወደ ሥራ ስመለስ ካርቶኑን ተረከበችኝ። አንድ ቀን እንኳ አላሳለፈችም። ውሃውንም እንደነገርኳት ቅጠሉን ሳታረጥብ ከሥሩ ታጠጣዋለች።

ከወር በኋላ እንቡጥ ታየ። ቀለሙ ብቅ ሲል ካርቶኑን አስቀረችው። በሦስተኛው ወር ደማቅ ቢጫ ሆኖ ፈነዳ! እማዬ በጣቷ እየዳሰሰችው «ለካ ጨለማ አጥቶ ነው እንጂ፣ በልጄ የመጣ ምልክት አልነበረም» አለች።

ወንድሜ እስካሁን አልደወለም። አምፖሉም ሌሊቱን ይበራል። እማዬ ግን ዛሬ ትተኛለች።

እናንተም አላብብ ያለ ነገር ሲገጥማችሁ «ገደ ቢስ» ከማለታችሁ በፊት ከአጠገቡ ምን እንደበራ እዩ። የምትወዱት ሰው ያበራውን መብራት ለማጥፋትም አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ካርቶን ፈልጉ። ባሕር ማዶ ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ ለእናቶቻችሁ ደውሉ።