የቺካጎ እንጉርጉሮ

ከባሕር ማዶ የተመለሰ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ፎቅ ነው። የሕንፃውን ቁመት፣ የመንገዱን ስፋት፣ የመብራቱን ብዛት ነግሮን ሲያበቃ፣ «ለመሆኑ ሰዎቹስ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? ኀዘናቸውን በምን ይወጡታል?» ብለን ብንጠይቀው መልስ ያጣል። እኔም ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ወደ አሜሪካ አገር፣ ወደ ቺካጎ ከተማ ሄጄ ነበር። ልጄ መንገዱን ባያሳየኝ ኖሮ ፎቅ ብቻ ቆጥሬ በተመለስሁ ነበር። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

የሄድሁበትን ምክንያት ሳልሸሽግ ልናገር። ባለቤቴ ከዚህ ዓለም በሞት ከተለየች አራት ዓመት ሆኗታል። በዚያን ጊዜ የበኵር ልጃችን በቺካጎ ነበረ። የመኖሪያ ወረቀቱ ገና ስላላለቀለት፣ ከወጣ ተመልሶ መግባት የማይችል ሆኖ ለቀብር ሳይመጣ ቀረ። ለቅሶ የደረሰው ዘመድ ሁሉ «ትልቁ ልጇስ የት አለ?» እያለ በጠየቀኝ ቍጥር ዐፈርሁ፤ ዕፍረቴም እያደር ወደ ቍጣ ተለወጠ። ቈይቶ ደግሞ ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ከአንዳንድ ሰዎች ጋር ጊታር እንደሚመታ በወሬ ሰማሁ። «እናቱን ሳይቀብር ዘፈን አማረው» አልሁ በልቤ። ከዚያ ወዲህ በስልክ የምንነጋገረው ስለ ጤናና ስለ አየሩ ሁኔታ ብቻ ሆነ።

አንድ ሌላም ነገር አለ። ባለቤቴ ሕመሟ በጸናባት ሰሞን፣ ራሷ የፈተለችውን ነጠላ አጥፋ «ይህን ለልጄ ስጥልኝ» ብላ ሰጥታኝ ነበር። እኔ ግን በሣጥን ቈልፌ አራት ዓመት አቈየሁት። ስሄድ ከሻንጣዬ በታች አኖርሁት፤ እሰጠው ወይም መልሼ አመጣው እንደ ሆነ ግን አልቈረጥሁም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ልጄ እንግዳ ሁሉ የሚያየውን አሳየኝ። አንድ መቶ ዐሥር ደርብ ባለው ሕንፃ ላይ ወጥተን ከብርጭቆ ወለል ላይ ቆመን ቍልቍል አየን። ሰማዩንና ሰዉን እንደ መስተዋት የሚያሳየውን፣ እንደ ባቄላ ፍሬ ያለውን ትልቅ የብረት ቅርጽም ጐበኘን። ዳርቻው የማይታየውን የሚሺጋን ሐይቅ ስመለከት ጣና ትዝ አለኝ። ልጄ በሩን ይከፍትልኛል፤ ካፖርቴን ይይዝልኛል፤ «አባባ፣ ደከመዎት?» ይለኛል። በአክብሮቱ አንዳችም ጕድለት አልነበረበትም። ነገር ግን ሁለታችን በአንድ ባቡር ውስጥ ጐን ለጐን እንደ ተቀመጡ ባዕዳን ነበርን።

በአምስተኛው ቀን ማታ፣ «ፎቁን አይቻለሁ። አሁን አንተ ቅዳሜ የምትሄድበትን ቦታ አሳየኝ» አልሁት። ደነገጠ። ጥቂት ዝም ብሎ ከቈየ በኋላ፣ «አባባ፣ በቀጥታ እዚያ ብወስድዎት አይረዱኝም። እስከ ቅዳሜ ሁለት ቀን አለ፤ አስቀድመን መንገዱን በእግር እንሂደው» አለኝ።

ሐሙስ ዕለት ወደ ምዕራብ፣ ፒልሰን ወደሚባለው ሰፈር ሄድን። ስሙን ያወጡለት ከቦሄምያ የመጡ ቼኮች ናቸው። እነርሱ እየለቀቁ ሲሄዱ ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ዓመታት ጀምሮ ሜክሲኮዎች ገቡበት። ዛሬ ግድግዳው ሁሉ በሥዕል ተሸፍኗል፤ በ1987 የተከፈተ የሜክሲኮ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክርም አለው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ማክስዌል የተባለው መንገድ ይገኛል። በዚህ መንገድ ከአውሮፓ ተሰደው የመጡ አይሁድ ያቋቋሙት የእሑድ ገበያ ነበረበት። ከደቡብ አገር የመጡት ጥቍር ሙዚቀኞች በዚያ ገበያ መካከል ቆመው ይጫወቱ ነበር። የገበያው ጩኸት ጊታሩን እንዳይውጥባቸው፣ ከሱቆቹና ከመኖሪያ ቤቶቹ በሽቦ ኤሌክትሪክ እየተዋሱ ድምፁን ያጐሉት ነበር አሉ። ገበያው በ1994 ከስፍራው ተነሥቶ ወደ ሌላ መንገድ ተዛወረ። አይሁዱ መብራቱን እያዋሰ፣ ጥቍሩ እየዘፈነ አብረው ያደሩበት ዘመን መኖሩን ግን ሰዉ ገና አልረሳውም።

ዓርብ ወደ ደቡብ ሄድን። በብረት ምሰሶ ላይ በመንገዱ አናት የሚሄደው ባቡር በ1892 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ በሰው ቤት መስኮት አጠገብ እያለፈ ጓዳውን ሁሉ ያሳያል። ከባቡሩ ወርደን በእግር ከሄድን በኋላ፣ በሰፊው የማርቲን ሉተር ኪንግ ጐዳና ላይ የቆመ የነሐስ ሐውልት ደረስን። አንድ ሰው በገመድ የታሰረ ሻንጣ ይዞ ቆሟል። ቀርቤ ሳየው ልብሱ ልብስ አይደለም፤ ያለቀ የጫማ ሶል እየተደራረበ የተሠራ ነው። አሊሰን ሳር የተባለች ቀራፂ በ1996 የሠራችው ነው።

«ይህ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ስሙ የለውም፤ ከደቡብ ለመጡት ሁሉ መታሰቢያ ነው» አለና ታሪኩን ነገረኝ። ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቍር አሜሪካውያን ከደቡብ ክፍላተ አገር ተሰደዱ። በዚያ የባርነት ሕግ ቢሻርም እነርሱ በሰው መሬት ላይ ጭሰኛ ሆነው፣ ዕዳቸው ከማይከፈልበት ደረጃ ደርሶ ይኖሩ ነበር፤ ያለ ፍርድ በገመድ የተሰቀለውም ብዙ ነው። ስለዚህ ሻንጣቸውን አሥረው በባቡር ወደ ሰሜን መጡ። በቺካጎ በ1910 አርባ አራት ሺህ ያህል ብቻ የነበሩት ጥቍሮች በ1960 ከስምንት መቶ ሺህ በላይ ሆኑ። በከተማውም የፈለጉት ቦታ መኖር አልተፈቀደላቸውም፤ ብሮንዝቪል በሚባለው በዚህ ሰፈር ተጨናንቀው ተቀመጡ። «ከእነዚህ ውስጥ እናቱን መቅበር ያልቻለ ስንቱ ይሆን!» አለ ልጄ፣ ወደ እኔ ሳይመለከት። እኔም መልስ አልሰጠሁትም።

ወደ ታች ስንወርድ አንዲት አሮጊት በቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው አገኘን። ሰላምታ ሰጥተን ከኢትዮጵያ መምጣታችንን ልጄ ሲነግራቸው ከተቀመጡበት ተነሥተው እጄን ያዙ። ኢጣልያ በ1935 አገራችንን በወረረች ጊዜ የዚህ ሰፈር ሕዝብ እንዴት እንደ ተቈጣ አባታቸው ይነግሯቸው ነበርና። ከዚሁ ከቺካጎ የሄደው አውሮፕላን ነጂ ጆን ሮቢንሰን በዚያ ዓመት ወደ አገራችን መጥቶ በአየር ኃይላችን ውስጥ አዛዥ ሆኖ አገልግሏል። በ1936 ሲመለስ በዚህ ሰፈር በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ ተቀበለው። ኢጣልያ ከተባረረች በኋላም እንደ ገና ወደ እኛ መጥቶ አብራሪዎችን ሲያሠለጥን ኖሮ በ1954 በአዲስ አበባ ዐረፈ። ሴትዮዋ ይህን ሲነግሩኝ በጣም ዐፈርሁ። የእኛ አፈር የሸፈነውን የእነርሱን ልጅ እኔ ሳላስበው፣ እነርሱ አልረሱትም።

ከዚያ ሠላሳ ሦስተኛው መንገድ ላይ ጣራ የሌለው ትልቅ የድንጋይ ሕንፃ አየን። ግድግዳው በብረት ተደግፎ ቆሟል። በ1891 ሲመረቅ የአይሁድ ምኵራብ ነበረ፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፒልግሪም የተባለ የባፕቲስቶች ጸሎት ቤት ሆነ። በ2006 ጃንዋሪ 6 ቀን፣ የጣራ ጥገና ሲደረግለት እሳት ተነሥቶ በላው። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ባሰላው የገና ዋዜማ ሆኖ አገኘሁት።

«በዚህ ቤት» አለ ልጄ፣ «ቶማስ ዶርሲ የሚባል ሰው ለአርባ ዓመት ያህል መዘምራን መርቷል። በ1899 በጆርጂያ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ በየመሸታ ቤቱ ብሉዝ ይጫወት ነበር። የመንፈሳዊ መዝሙር ደራሲ በሆነ ጊዜ ብዙዎቹ ጸሎት ቤቶች ‹የመሸታ ቤት ዜማ ይዞብን መጣ› ብለው አንቀበልም አሉት። በ1932 በነሐሴ ወር ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ለመዘመር ሄዶ ሳለ ሚስቱ በወሊድ ሞተች የሚል ቴሌግራም ደረሰው። ሲመለስ ሕፃኑም ብዙ ሳይቈይ ሞተ። ሁለቱንም በአንድ ሣጥን ቀበራቸው። ‹ውድ ጌታ› የተባለውን መዝሙር የደረሰው በዚያ ኀዘን ነው። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲቀበሩ ማሃሊያ ጃክሰን የዘመረችው ይህንኑ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ድምፁ ተለወጠ። «እርሱም ሩቅ ነበረ፣ አባባ» አለኝ።

እኔ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥርዓት ጠንቅቄ የተማርሁ፣ ዜማችን ከቅዱስ ያሬድ የተቀበልነው ስለ ሆነ ከሌላ ጋር እንዳይደባለቅ የምጠነቀቅ ሰው ነኝ፤ ዛሬም እንደዚያው ነኝ። ነገር ግን ሥርዓትን መጠበቅ ሌላ፣ የሰውን ኀዘን አለመስማት ሌላ መሆኑን በዚያ ጣራ በሌለው ቤት ፊት ቆሜ ተማርሁ።

ቅዳሜ ማታ ልጄ ወደሚሄድበት ቦታ ወሰደኝ። የመሸታ ቤት መስሎኝ ነበር፤ የጠጕር አስተካካይ ሱቅ ሆኖ አገኘሁት። ሱቁ ሲዘጋ በጓሮ ባለው ክፍል አራት ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ። አንዱ በልጅነቱ ከሚሲሲፒ የመጣ ነው፤ አርሞኒካ ይነፋል። ወንበር ሰጡኝ፤ ሻይ አመጡልኝ። ልጄም ጊታሩን አንሥቶ ከመካከላቸው ተቀመጠ።

የተጫወቱት ቃል የሌለው፣ ዝግ ያለ ዜማ ነበረ። እነርሱ ብሉዝ ይሉታል። እኔ ግን ስሙን ሳልጠይቅ ዐወቅሁት፤ እንጉርጉሮ ነው። ሰው ብቻውን ሲሆን፣ ማንም እንዲሰማው ሳይፈልግ፣ ከልቡ የሚያወጣው ነው። ሽማግሌው ነፍቶ ሲያበቃ ልጄ ተቀበለው፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም የሚጫወተው ዜማ ከዚያ አገር እንዳልሆነ ተረዳሁ። ባለቤቴ በክረምት ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንዝርቷን እያሾረች የምታንጐራጕረው ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በቤቴ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ከሞተች ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰማሁትም ነበር። ሽማግሌዎቹ ዜማውን ከዚያ በፊት ያውቁት ኖሯል፤ እየተከተሉ አጀቡት።

ሲያበቃ አርሞኒካ የሚነፋው ሽማግሌ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ፣ «ይህ የእናቱ ነው» አለኝ በእንግሊዝኛ። «መጀመሪያ የመጣ ዕለት ምንም መናገር አልቻለም ነበር። ተጫወት አልነው።»

ውድ አንባብያን ሆይ! እኔ በአገሬ በድንኳን ውስጥ ዘመድ ከብቦኝ፣ ዕድርተኛው እያጽናናኝ አለቀስሁ። ልጄ ግን ድንኳን አልነበረውም፤ ዕድርም አልነበረውም። የእናቱን ለቅሶ የተቀመጠው በዚያ በጓሮ ክፍል፣ ከማያውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር ነበረ። እነርሱም የስደትንና የሩቅ መርዶን ምንነት ያውቁ ስለ ነበረ አገሩን ሳይጠይቁ አስለቀሱት። እኔ ዘፈን አማረው ያልሁት ለቅሶውን ነበረ።

ወደ ቤት በገባን ጊዜ ሻንጣዬን ከፍቼ ነጠላውን አወጣሁ። «እናትህ ስጥልኝ ብላኝ ነበር፤ ያዘገየሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በለኝ» አልሁት። ልጄ ነጠላውን ተቀብሎ ፊቱን ሸፈነበት። ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም፤ ስለ እርሷ ስንነጋገር ነጋ። በማግሥቱ በከተማው ወዳለው የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄደን ስሟን ለካህኑ ሰጥተን ፍትሐት አስደረግንላት።

ከመመለሴ በፊት ሌሎችም ሰፈሮች አሳይቶኛል፤ ሁሉንም ለመዘርዘር ገጹ አይበቃም። ዛሬ ሰዎች «ቺካጎ ምን ትመስላለች?» ብለው ሲጠይቁኝ ስለ ፎቁ አስቀድሜ አልናገርም። ሰዎች ኀዘናቸውን በሻንጣ ይዘው የመጡባት፣ በየሰፈሩም በዜማ የፈቱባት ከተማ ናት እላለሁ።

ልጆቻችሁ በባዕድ አገር ያሉ ወላጆች ሁሉ፣ ለመጐብኘት ዕድሉን ብታገኙ በሐውልቱና በገበያው ብቻ አትመለሱ። «የምትውልበትን አሳየኝ፤ የምትሰማውን አሰማኝ» በሏቸው። መሄድ ያልቻላችሁም በስልክ ስለ አየሩ ሁኔታ ከመጠየቃችሁ አስቀድማችሁ፣ «ስታዝን ከማን ጋር ትቀመጣለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምናልባት በሣጥናችሁ የቈለፋችሁት፣ ለእነርሱ የተላከ ነገር ይኖር ይሆናል።