የአባባ በገና

ጎረቤታችን አባባ በገና ይደረድራሉ። በሁዳዴ ማታ ማታ ሲጀምሩ እኔና ወንድሜ «ንብ ገባ!» እያልን እንስቅ ነበር።

ዘንድሮ ለቅዳም ሹር ጎረቤቱን ሁሉ ጠሩ። በገናው 10 አውታር አለው፤ አውታሩም የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። እዝዝ የሚለው አውታሩ ሥር በገባችው ቁራጭ ቆዳ ምክንያት እንደሆነ አሳዩን። መሃል ላይ ግን ግራ እጃቸው ተንቀጠቀጠና አቆሙ። «ከኔ በኋላ ማን ይደረድረው ይሆን?» አሉ። የሳቅነው ትዝ አለኝና አፍሬ አቀረቀርኩ።

«እስቲ ነይ፣ ጣትሽን እዚህ አድርጊ» አሉኝ። አንዱን አውታር ስነካው ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገባ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተማርኩ ነው። ጣቴን በጣም ያመኛል። ወንድሜ አሁንም «ንብ ገባ!» ይላል። አሁን ግን ንቧ እኔ ነኝ።