የአንድ ገበታ ልጆች

ያን ጊዜ፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት ገደማ፣ ማክሰኝት ላይ ፖለቲካ ሽታ ነበረው፤ የኩራዝ ጭስ፣ ከጎንደር በካልሲ ውስጥ ተጣጥፎ የመጣ ወረቀት የማባዣ ቀለም፣ ምጣድ ላይ የሚንጣጣ ሽምብራ፣ ከጓዳ ደግሞ የእናቴ የጠላ ጥንስስ። መቼም መንገዱን ታውቁታላችሁ፤ ከአዘዞ ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ፣ እንፍራዝ ሳይደርሱ፣ በገበያ ቀን ሰውና የጫነ አህያ አንድ ላይ መንገዱን የሚዘጉባት ያች ከተማ ናት። ቤታችን ከገበያው ብዙ አይርቅም ነበርና ማታ ማታ መደቡ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም። እኔ ጋቢ ተከናንቤ ጥግ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ሥራዬ የኩራዙን ክር ከፍ ማድረግና የጎደለውን ዋንጫ መሙላት ብቻ ነበር። ዳሩ ግን ያን ያህል የሰማሁበት ትምህርት ቤት በዕድሜዬ አላየሁም።

ትልቁን ወንድሜን አያ ነበር የምንለው። ጎንደር ፋሲለደስ ትምህርት ቤት ይማር ስለነበር፣ በ1967 ታኅሣሥ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 ከሚሆኑት ተማሪዎችና መምህራን ጋር ዘመተ። ሲመለስ ካኪው በላዩ ላይ ነጥቶ፣ ሸራ ጫማው ተቀዶ፣ ድምፁ ግን ወፍሮ መጣ። ከእሱ ጋር የማይለያይ የጎረቤት ልጅ ነበር፤ ከአንድ ማድጋ ውኃ ጠጥተው፣ በአንድ ፊደል ገበታ ቆጥረው፣ አንድ ጊዜም በአንድ ሱሪ እየተፈራረቁ ጎንደር የሄዱ ናቸው። ሁለቱ የተማሪዎቹን መዝሙር «ፋኖ ተሰማራ»ን ሲያንጎራጉሩ እናቴ እንኳ ቡናውን እየወቀጠች በዜማው ትከተላቸው ነበር።

የሚያወሩት ስለ መሬት ነበር። በየካቲት 1957 የአዲስ አበባ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ ከወጡ ወዲህ የአገሩ ወጣት ሁሉ ያን ቃል በአፉ ይዞ አደገ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ደግሞ የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ። አባቴ አዋጁን በራዲዮ ሰምቶ ዝም ብሎ ቆየና «እኛስ አራሾች አይደለንም ወይ?» አለ። ነገሩ ገብቶት ነው የጠየቀው። በእኛ በበጌምድር አብዛኛው መሬት ርስት ነበር፤ ገበሬው ከአያት ቅድመ አያቱ ቆጥሮ የሚካፈለው ነውና እንደ ደቡቡ ጭሰኛ አልነበረም፤ አዋጁ ርስቱን የሚነቅልበት መሰለው። በሌላ በኩል ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ እስላሙና ቤተ እስራኤሉ ከርስት የራቁ ነበሩ፤ ለእነሱ ቃሉ ሌላ ተስፋ ነበር። አያና ጓደኛው ይህን ሁሉ ለአባቴ ሲያስረዱ ሌሊቱ ይጋመሳል፤ ማንም ማንንም አያቋርጥም፤ አባቴ ሳይስማማ ይሰማቸዋል፤ እነሱም ሳይረቱት እግሩን ያጥቡታል። እኔ በበኩሌ ማን እንደ ተናገረ እያየሁ፣ መጨረሻ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው እያልኩ ልቤ ሲንከራተት ያድር ነበር።

ከዚያ ነገሩ እየጠበበ መጣ። በ1968 ከጎንደር የሚመጡት ወረቀቶች ሁለት ሆኑ፤ አንዱ «ዴሞክራሲያ»፣ የኢሕአፓ፣ ሁለተኛው «የሰፊው ሕዝብ ድምፅ»፣ የመኢሶን። ሁለቱም ድርጅቶች በውጭ አገር የተወለዱ፣ የአንድ ተማሪ ንቅናቄ ልጆች ናቸው፤ መኢሶን በ1960 ሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 በርሊን ተመሠረተ። ሁለቱም መሬት ላራሹ ይላሉ፤ ሁለቱም ማርክስን ይጠቅሳሉ፤ ሁለቱም የንጉሡን መውረድ ይወዳሉ። የተለያዩት ሥልጣን የያዘውን ወታደር፣ ደርግን፣ ምን እናድርገው በሚለው ነው፤ ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት አሁኑኑ ይቋቋም ሲል፣ መኢሶን ደርግን በሂሳዊ ድጋፍ እየገፋን እንሂድ አለ። ይህ በመደብ ላይ ተቀምጦ ሦስት ሌሊት ሊያከራክር የሚገባው ጥያቄ ነበር፤ መልሱም እውነት ከባድ ነበር። አያ በዚህ ወገን፣ ጓደኛው በዚያ ወገን ሆኑ። በመጀመሪያ እንደ ልማዳቸው እየተከራከሩ፣ ሽምብራ እየዘገኑ ነበር። ኋላ አንዱ ሲመጣ ሌላው ተነሥቶ መውጣት ጀመረ።

እናቴ ይህን መቼም አልለመደችውም። በወር በ21 የማርያም ጽዋ ትጠጣ ነበርና የማኅበር ሥርዓት በደሟ ውስጥ ነው። ልጅ ሆኜ ጽዋው እኛ ቤት ሲደርስ አይቼዋለሁ፤ ዳቦው ከመቆረሱ በፊት የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ቆሞ የተጣላ እንዳለ ይጠይቃል፤ ካለ፣ እዚያው ይቅር ለእግዚአብሔር ይባባላሉ፤ እምቢ ያለ ጽዋውን አይጠጣም። በድንበር የሚካሰሱ፣ በከብት የሚወቃቀሱ ሰዎች በወር አንድ ቀን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ክሱ ላይቀር ይችላል፤ ዳኛ ጋ ይሄዳሉ፤ ግን እየተያዩ፣ እየተጠራሩ ነው። ወንድሞቻችን ያን ሁሉ መጽሐፍ ሲያነቡ፣ ስለ መንግሥት ሥልጣን ያን ያህል ሲመራመሩ፣ የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ሁለት ልጆች ተመልሰው የሚቀመጡበትን አንድ ቀን አልቆረጡም። ሙሴ አልነበራቸውም።

የሆነውን ታውቁታላችሁና ብዙ አላወራውም። በ1969 ከተማ ውስጥ ተኩስ ተጀመረ፤ ቀይ ሽብር መጣ። መጀመሪያ የኢሕአፓ ልጆች ታደኑ፤ በነሐሴ 1969 መኢሶንም ከደርግ ተለይቶ ኅቡእ ሲገባ ተራው የእሱ ሆነ። ኢሕአፓም ራሱ ውስጥ ተሰነጠቀ። የመኢሶኑ ኃይሌ ፊዳና የኢሕአፓው ብርሃነመስቀል ረዳ፣ እንደዚያ የተራራቁት ሰዎች፣ ሁለቱም በ1971 በአንዱ ደርግ እጅ ተገደሉ። አያ በሱዳን በኩል ወጣ፤ ጓደኛው ታሰረ።

ከዚያ ዘመን ግን ሁሌ ልቤን የሚያሞቀው አንድ ነገር አለ። እናቴና የጓደኛው እናት አንድ ቀን እንኳ ቡና ሳይጠራሩ አልዋሉም። ስንቅ ወደ እስር ቤት ሲሄድ እናቴ እንጀራዋን ከጎረቤቷ እንጀራ ጋር በአንድ መሶብ ታስገባ ነበር፤ ሽሮው የማን፣ በርበሬው የማን እንደሆነ አይለይም። «የአንቺ ልጅ እኮ ከነዚያ ጋር ነው» ያላት ሰው ነበረ፤ «ጡቴን ያልጠባው ተሳስቶ ነው እንጂ ልጄ ነው» አለችው። አያ ከሱዳን የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ሲልክ ከእኛ ቀድሞ የጠየቀው ስለ ጓደኛው ነበር። ደብዳቤዋን ድምፄን ከፍ አድርጌ በሁለቱ እናቶች ፊት ያነበብኩት እኔ ነኝ።

አሁን በዚያው መንገድ ላይ፣ በከተማውም በገጠሩም፣ ወጣቶች ለወገናቸው ብለው ሲሰባሰቡ፣ ወዲያው ደግሞ በመሪና በስም ሲለያዩ አያለሁ። መሰባሰባቸውን እወደዋለሁ፤ መከራከራቸውንም እወደዋለሁ፤ ያ የመደቡ ክርክር ካሳደገኝ ነገር ሁሉ የተሻለው ነውና። የምለምናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፕሮግራማችሁን ስትጽፉ ስለ መንግሥት ከሚያወራው ምዕራፍ በፊት ስለ እናንተ የሚያወራ አንድ አንቀጽ አስቀድሙ፦ ሐሳቡ የተለየ ሰው የት ይናገራል፣ የተቀያየሙ ሁለት ሰዎች በስንት ቀን ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ የሚያስቀምጣቸውስ ማን ነው። አንድነት ሁሉም አንድ ቃል ሲናገር የሚመጣ መስሎን ብዙ ልጅ ቀበርን። ተለያይቶ መመለሻ ያለው ንቅናቄ ግን ቢሸነፍ እንኳ ልጆቹ እርስ በርስ አይበላሉም።