ስለማይለቅ የጨጓራ ሕመም

ሕመም ለሰው ሁሉ የጋራ ዕጣ ስለ ሆነ፣ ስለ ገዛ ሆዴ በጋዜጣ መጻፌ እንደ ነውር እንዳይቈጠርብኝ እለምናለሁ። እኔ በሮቤ ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምተዳደር፣ ዕድሜዬም ከአርባ ያለፈ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም መካከል ከእንብርቴ በላይ የሚያቃጥል ሕመም ያዘኝ። ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቀስቅሶኝ እስኪነጋ ድረስ ያስቀምጠኝ ነበር። በልጅነቴ በቄስ ትምህርት ቤት ረኃብን ለምጄ ነበርና የጾም ነው ብዬ ናቅሁት፤ ፋሲካ ደርሶ ጾሙ ሲፈታ ግን ሕመሙ አልፈታኝም።

ከዚህም በኋላ እንደ አገሬ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ከማዕድ ላይ ፈለግሁ። በርበሬውን ተውሁ፤ ቡናውንም ተውሁ። ባለቤቴ ተልባ ቈልታና ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ማታ ማታ ታጠጣኝ ነበር። አንድ ባልደረባዬም ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ ካፕሱል እንድገዛ መከረኝ። በመዠመሪያው ሳምንት ቀለለኝ፤ በሁለተኛው ሕመሙ ተመለሰ፤ እኔም ሌላ ገዛሁ። እንዲህ እያልሁ ሐኪም ሳላማክር አራት ወር አሳለፍሁ። ከዚህም ጋር ወንበር ላይ ውዬ ለሚያመኝ ወገቤ ዲክሎፌናክ የሚባለውን ክኒን እውጥ ነበር፤ ይህ ክኒን የጨጓራን ግድግዳ እንደሚያቈስል አላወቅሁም።

በኋላም ሰገራዬን አስመርምሬ «ባክቴሪያ የለም» የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀት የማምን ሰው ነኝና ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ፤ ሕመሙ ግን ወረቀቱን አላነበበም። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ ባጠበብሁ ጊዜ፣ አንድ አጐቴ «ቃር ነው፣ ቃር ነው» እያለ ቈይቶ በጨጓራ ካንሰር መሞቱ ትዝ አለኝ። ይህን ፍርሃቴን ለባለቤቴ አልነገርኋትም፤ በማግሥቱ ግን ወደ ጎባ ሄድሁ።

ያገኘኋት ሐኪም ዕድሜዋ ታናሽ እኅቴን የሚያህል ነው። አጠያየቋ ከብዙ ጠበቆች ይልቅ የተካነ ነበር።

«ጋሼ፣ የተመረመሩ ዕለት ጧት ምን ውጠው ነበር?»

«ካፕሱሌን።»

«እንግዲያስ ባክቴሪያውን ሸሽገው ነው የሄዱት» አለችኝ።

ነገሩን ስታስረዳኝ፣ ካፕሱሉ ባክቴሪያውን ሳያጠፋ ቍጥሩን ስለሚያሳንሰው ምርመራው ሊያጣው ይችላል፤ ስለዚህ ከምርመራ በፊት ሁለት ሳምንት መተው ያስፈልጋል። ምስክር ወደ ችሎት ሳይገባ እንዳይመከር በር ላይ የምጠብቅ እኔ፣ የራሴን ምስክር አራት ወር ሙሉ ስመክር በመቈየቴ አፈርሁ። ደግሞም ያለ ምክንያት የከሳ፣ ደም ያስታወከ፣ ሰገራውም እንደ ቅጥራን የጠቈረ ሰው አንድ ቀን እንኳ መዘግየት እንደሌለበት ነገረችኝ። ስለ መክሳቴም ኢንዶስኮፒ በሚሉት፣ ጫፉ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራዬ እንዲታይ አዘዘች።

ካፕሱሉንም ክኒኑንም ትቼ ያሳለፍኋቸውን ሁለት ሳምንታት መግለጽ አልፈልግም። በመጨረሻም ቍስል ተገኘ፤ ካንሰር ግን አልተገኘም። በሰገራዬም ኤች ፓይሎሪ የሚባለው ባክቴሪያ ታየ።

የዚህ ባክቴሪያ ታሪክ የሚያስደንቅ ነው። ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የጨጓራ ቍስል ከጭንቀትና ከአሲድ ብቻ የሚመጣ ይመስላቸው ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1982 ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራልያ ሐኪሞች ባክቴሪያውን ለማብቀል ደጋግመው ቢሞክሩ አልሆነላቸውም፤ በፋሲካ በዓል ምክንያት ሳህኑ ለቀናት ተረስቶ በቈየ ጊዜ ግን በቅሎ ተገኘ። የሚያምናቸው ሰው ቢያጡ፣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራውን ታመመ። በ2005 ሁለቱም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ባክቴሪያው በአሲድ መካከል የሚኖረው አሲዱን የሚያለዝብ አሞንያ በዙሪያው እያመነጨ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በልጅነት ከቤተሰብ ይተላለፋል፤ ብዙ ሰዎችም ሳያማቸው ተሸክመውት ይኖራሉ።

የታዘዘልኝ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ለ14 ቀን ነበር፤ ያ ያማረርሁት ኦሜፕራዞልም ረዳት ሆኖ ከእነርሱ ጋር ተመለሰ። አፌ ሁሉ ብረት ብረት አለኝ። በስድስተኛው ቀን ሕመሙ ሲጠፋ ልተወው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በጅምር የተተወ መድኃኒት ባክቴሪያውን መቋቋም ያስተምረዋል ብላኝ ነበርና ጨረስሁት። ከአንድ ወር በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ካፕሱሉን አስቀድሜ ትቼ፣ ተመረመርሁ፤ ባክቴሪያው ጠፍቷል።

ውጤቱን ለባለቤቴ ባነበብሁላት ጊዜ «እኔ አላልሁም? ተልባው ነው» አለችኝ። እኔም አልተቃወምኋትም።